ባለ ሰባዋ ሳንቲም

አባቴ ብር የሚገዙት በጆሯቸው ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሦስተኛው የሚቆምባት የብር መሥሪያ ሱቅ ነበረቻቸው። ሰው ጠገራ ብር ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጠገራውን በግራ እጃቸው ጣት ጫፍ ላይ ያስቀምጡና ጠርዙን በሌላ ብር መታ ያደርጉታል። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈልጉም። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ ፊት፣ ዘውዷን፣ ጌጧ ላይ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ይዳብሳሉ። ዓይናቸውን የሚገልጡት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋው በልባቸው ተቆርጧል።

"ዓይን ይሸነገላል፤ ጆሮና ጣት አይሸነገሉም" ይሉ ነበር።

ከወሎ የመጡ ሙስሊም ናቸው። ግን የልደታ ክርስቲያኖች ለግንቦት ልደታ የአንገት መስቀል የሚያሠሩት እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ምክንያቱም ራሳቸው ያልዳሰሱትንና ድምፁን ያልሰሙትን ብር ለሰው አይሸጡም። ገዢውን ዓይን ዓይኑን እያዩ "ብሩ ንጹሕ ነው" ካላሉት ሽያጩ አላለቀም። አንድ ጊዜ ከሌላ ብር ሠሪ ተቀብለው ሳይፈትሹ የሸጡት አምባር ብር የተቀባ ነሐስ ሆኖ ተገኘ። ገዢዋን ፍለጋ ሦስት ቅዳሜ ከሰፈር ሰፈር ዞሩ፤ አግኝተዋትም ገንዘቧን መለሱላት። እናቴ ይህን ታሪክ ስታወራ ትስቅ ነበር፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አልሳቁበትም።

እኔ ሌላ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ልደታ ፍርድ ቤት አቅራቢያ አንዲት ኮምፒውተር ቤት ነበረችኝ፤ ለባለጉዳይ አቤቱታ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ጥፋቱን ሁሉ ከደንበኛዬ ላይ አንሥቼ ሌላው ሰው ላይ አሳምሬ መጫን፣ ሥራዬ ይህ ነበር፤ ጎበዝም ነበርኩ። ባለጉዳይ ሲጠፋ በዚያ በሚንቀራፈፈው ኢንተርኔት የማልገዛውን ዕቃ ሁሉ ሳይ እውላለሁ። ሳንቲሞቹንም ያየሁት እንዲህ ሥራ ፈትቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር ሳንቲም የሚመረምሩ ድርጅቶች አሉ። ሳንቲሙን በአጉሊ መነጽር ያዩታል፣ ነጥብ ይሰጡታል፣ ከዚያ በማይከፈት ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው ነጥቡን ከላይ ይጽፉበታል። ትልቁ ነጥብ ሰባ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ሰባ ያመጣ ልጅ የሚሸልመው አልነበረም፤ እዚያ ግን ሰባ ማለት ከዚያ በላይ የለም ማለት ነው። ስልሳ ዘጠኝ ያገኘችውና ሰባ ያገኘችው አንድ ዓይነት ሳንቲሞች ናቸው፤ በባዶ ዓይን ማንም አይለያቸውም። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። ድሮ ተመትቶ የሰው እጅ ያለፈበት ሳይሆን፣ ትናንት ከማሽን ወጥቶ ማንም ያልነካው ሳንቲም! እኔም ይህን እያየሁ አባቴን ናቅኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን አሮጌ ብር ሲያሹ ኖረው ምን አገኙ አልኩ።

ያን ጊዜ ልደታ የምንኖርባት የቀበሌ ቤት ለልማት ትፈርሳለች እየተባለ ነበር። ቅድመ ክፍያውን የከፈለ እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም ይገባል፤ ያልቻለ ከከተማው ዳር የሚሰጠውን አንድ ክፍል ይወስዳል። አባቴ ልደታን ለቀው መኖር አይችሉም ነበር። ሱቃቸው፣ የሚሰግዱበት መስጊድ፣ አርባ ዓመት ሰላምታ የሚሰጧቸው ሰዎች፣ ሁሉም በእግር የሚደረስበት ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ ጭንቀት አንድ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ያ ገንዘብ መገኘት አለበት።

አንድ ቀን የድሮ ዕቃ ነጋዴ ውል ሊያስጽፍ መጣና ኪሱ ውስጥ ያለችውን አሳየኝ። በደርግ ጊዜ ለሰብሳቢዎች ብቻ ተብላ የተመታች፣ ባለ ሃያ ብር የብር ሳንቲም ናት። የእኛ አገር ሳንቲም ሆና እንቁላል እንኳ ተገዝቶባት አያውቅም። እንደ መስተዋት ታበራለች፤ ፕላስቲኩ ላይ ሰባ ተጽፎባታል። የጠራባት ዋጋ ጆሮዬን ጭው አደረገው። ግን ኢንተርኔት ላይ ዋጋዋ ከወር ወር ሲወጣ አይቼ ነበር፤ ሁለት ዓመት ብትቆይ ቅድመ ክፍያውን ከፍላ እንደምትተርፍ አሰብኩ።

እኔ ያጠራቀምኩት ሲሶውንም አይሞላም። አባቴ ደግሞ ከአባታቸው የወረሷቸው አርባ አንድ ጠገራ ብሮች ነበሯቸው። ሥራ ጠፍቶ ምድጃው በቀዘቀዘበት ዘመን እንኳ አንዷን አላቀለጧትም። ሳንቲሟን ከነጋዴው ለማሳየት ተውሼ ሱቃቸው ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው።

"ሰባ ያላት ማን ነው?" አሉኝ።

"ድርጅት ነው፣ አባባ። ውጭ አገር።"

"ዳስሰዋታል?"

"በጣት አይነካም። በዓይን ነው የሚያዩት።"

"ድምጿንስ ሰምተዋል?"

"አባባ፣ ይህ እንደ ጠገራ አይደለም።"

የብር ሠሪ አጉሊ መነጽራቸውን አድርገው በፕላስቲኩ በኩል ብዙ አዩዋት። "እኔ ያላየሁትን እነሱ ካዩ አላህ ዓይን ሰጥቷቸዋል" አሉና መነጽሩን አወለቁ። "አንተ ተምረሃል ልጄ። ብቻ ለቤቱ ነው አይደል?"

"ለቤቱ ነው" አልኳቸው።

አርባ አንዱን ጠገራ ሲሰጡኝ እያንዳንዷን መታ እያደረጉ ነበር፤ ለመፈተን እንዳልሆነ ያኔም ገብቶኛል።

ጠገራዎቹን ሸጬ፣ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ ገዛኋት። እናቴ ሳንቲሟን ስታይ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብላ ወደ ማጀት ገባች። እኔ ሳንቲሟን ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩባት። አባቴ ግን አላስችል አላቸው። አርብ ከጁምዓ ሲመለሱ "እስቲ አሳየኝ" ይላሉ። ጆሯቸው ሥር አድርገው እንደ እንቁላል ይነቀንቋታል፤ ፕላስቲኩ ጭምቅ አድርጎ ስለያዛት ምንም አትልም። አውራ ጣታቸው ፕላስቲኩ ላይ ይሄድና ጠርዙ ጋ ሲደርስ ሽፋኑን ለመፈልቀቅ ይሞክራል።

"አይንኳት፣ አባባ። ከተከፈተች ዋጋ የላትም።"

"ብር ስትነካ ዋጋዋ ይጠፋል?"

"ይጠፋል።"

እጃቸውን ይመልሱ ነበር። አንድም ጊዜ አልተከራከሩኝም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ የማፍረሻው ወረቀት መጣ፤ ለክፍያው የተሰጠን ጊዜ አጭር ነበር። በኢሜይል ያገኘሁት አንድ ፈረንጅ ሰብሳቢ አዲስ አበባ ይሠራ ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ቤት መጥቶ ሊያያት ተስማማን። አርብ ማታ ሳንቲሟን ከሳጥኔ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት ስነሳ አባቴ የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ብዙ ጊዜ ያላየሁት ደስታ ነበረ። ጠረጴዛው ላይ ፕላስቲኩ በቀጭን መጋዝ ለሁለት ተከፍሎ ተኝቷል፤ አቆራረጡ እንደ ሥራቸው ሁሉ የተስተካከለ ነበር። ሳንቲሟ እጃቸው ላይ ናት፤ አውራ ጣታቸው ፊቷ መሃል አርፏል።

"ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሰማኋት" አሉኝ። "ወላሂ ንጹሕ ናት። እንዴት ያለ ድምፅ አላት መሰለህ! እንግዳው ሲመጣ አፋችንን ሞልተን እንነግረዋለን። ያልሰማሁትን ብር ለሰው ሰጥቼ እንዴት አድራለሁ?"

ወዲያው ፈረንጁ በሩን አንኳኳ። ተነሥተው ሳንቲሟን በሁለት እጃቸው አቀረቡለትና በአማርኛ "ብሩ ንጹሕ ነው" አሉት። ሰውየው ሳንቲሟን አየ፣ የተከፈለውን ፕላስቲክ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አሁን የብሯ ክብደት ዋጋ ብቻ እንዳላት በዝቅተኛ ድምፅ ነግሮኝ፣ በጣም አዝናለሁ ብሎ ሄደ። ሳንቲሟን መልሶ ያስቀመጠው እዚያው እጃቸው ላይ ነበር።

"ምን አለ?" አሉኝ አባቴ፣ ፈገግታቸው ገና አልጠፋም።

ዕድሜዬን ሙሉ እርስዎ ስላቸው የኖርኩትን አባቴን ያን ቀን አንተ አልኳቸው። "ቤታችንን አፈረስከው አለ! በዚህ ጣትህ ሜዳ ላይ ጣልከን! ሁለት ዓመት አትንካ ስልህ አልነበረም? ከእንግዲህ ምንም ነገር አትንካ!"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ እጃቸውን ገልብጠው ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመለስ ነገር አልነበረም፣ እኔም ለመመለስ አልሞከርኩም።

ለማንም ያልተናገርኩትን አሁን ልጻፍ። ፈረንጁ ሐሙስ ዕለት ጽፎልኝ ነበር። የእኔን የመሰሉ ብዙ ሳንቲሞች ከአንድ ካዝና ወጥተው እንደተመረመሩ፣ ብዙዎቹ ሰባ እንዳገኙ፣ ዋጋው እንደተንኮታኮተ ነገረኝ። ወድዷት ቢገዛኝ እንኳ የሚከፍለኝ እኔ ካወጣሁት ሩቡን ነው። ሩቡ ቅድመ ክፍያውን አይከፍልም፤ ግማሹንም አይከፍልም። አባቴ ፕላስቲኩን በመጋዝ ሲቆርጡት ቤቱ ከእጃችን ከወጣ ሁለት ቀን አልፎት ነበር፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጥዬ፣ እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ሳለ፣ እሳቸው ጥፋቱን በእጃቸው ይዘውልኝ መጡ። ሥራዬ ነውና አሳምሬ ጫንኩባቸው።

ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ተሰጠን። ተክለ ሃይማኖት ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይያዛል። አባቴ ሁለት ሳምንት ተመላልሰው ሱቁን ለሌላ ሠሪ ለቀቁ፤ ለሰው "ርቀቱ ነው" ይሉ ነበር። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አዲሲቱ ጎረቤታችን ብር ሠሪ እንደነበሩ ሰምታ ቀለበቷን አውልቃ አመጣችላቸው።

"አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ እውነት ብር ነው?"

አልተቀበሏትም። እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አስገቡ። "ልጄን ጠይቂው" አሏት። "እሱ ነው የሚያውቀው።"

ያን ቀን ልነግራቸው አስቤ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ተነሣሁ። ከዚያም በኋላ ዛሬ ነገ ስል ሦስተኛው ክረምት ገባ፤ በዚያው ክረምት ሞቱ። ቤታችንን ያፈረሱት እሳቸው እንደሆኑ እያመኑ ነው የሞቱት። ለቀስተኛ መሃል ተቀምጬ "ደግ ሰው ነበሩ" ሲሉኝ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ እናቴና እኔ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ከፈትን። መዶሻዎቹ፣ ሞረዱ፣ ያ ቀጭን መጋዝ፣ ሁሉም በቦታ በቦታው ነው። ከታች በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ሳንቲሟ ተቀምጣለች። አባቴ የማንንም ብር ሳያጸዱ ከእጃቸው አያወጡም ነበር፤ የደንበኛ የጠቆረ ቀለበት እንኳ ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል። ይህችን ግን አልነኳትም። መስተዋት የነበረው ፊቷ ደብዝዟል። መሃሉ ላይ፣ የዚያን ቅዳሜ አውራ ጣታቸው ያረፈበት ቦታ፣ አሻራቸው ከነመስመሮቹ ጠቁሮ ታትሟል። በልጅነታቸው እሳት ያቃጠላቸው የጣታቸው ጠባሳ እንኳ ይታያል። አትንካ ብያቸው ነበር፤ እስከ ሞታቸው አልነኳትም።

እናቴ በትከሻዬ በኩል አየቻት።

"ውይ፣ እንዴት ጠቁራለች! አምጣት እስቲ፣ በሎሚና በአመድ ፈተግ ላድርጋት፤ አባትህ ብር እንዲህ ሆኖ ማየት አይወዱም ነበር" ብላ እጇን ዘረጋች።

"አትንኪያት፣ እማዬ" አልኳት።

ድምፄ አስደንግጧት እጇን መለሰች። አባቴም እጃቸውን የሚመልሱት እንዲሁ ነበር።