ደብሬ በእኅቷ ስም ስትሸኝ

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ግን ጤና ጣቢያም ባንክም ስሄድ ጥሩነሽ ብለው ይጠሩኛል። እኔም አስተካክለው እስኪጠሩኝ ከወንበሬ አልነሳም። ልጆቼ «እማ፣ ምናለበት?» እያሉ ይስቁብኛል። ምን እንዳለበትማ ልጅ እያለሁ አይቻለሁ።

ያኔ አማኑኤል አካባቢ፣ ገጠር፣ ከአባቴ መንትያ እኅቶች ጋር ነበር የምንኖረው። ደብሬና ይታይሽ መልካቸውም ሳላቸውም አንድ ነበር። ሰው ሁሉ ደብሬን ይታይሽ፣ ይታይሽን ደብሬ ይላል፤ እነሱም በተጠሩበት አቤት ይላሉ። የማይቀልዱት በክርስትና ስማቸው ብቻ ነበር። ደብሬ ወለተ ማርያም ናት፣ ይታይሽ ወለተ ሚካኤል። ይህን ስም ከንስሐ አባትና ከቤተሰብ በቀር ማንም አያውቀውም። እኛ ልጆቹም ውጭ አውጥተን ብንጠራው ቁንጥጫ ይጠብቀናል።

ደብሬ ክረምት ላይ ሞተች። የንስሐ አባቷ ታመው ስለነበር ፍትሐቱን ሊያደርሱ ሌላ ቄስ መጡ። የክርስትና ስሟን ሲጠይቁ ታላቅ አጎቴ ቀደም ብለው «ወለተ ሚካኤል» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለቱን ሲያቀላቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በለቅሶው ጩኸት ያረማቸው ሳይኖር ቄሱም መቃብሩ ላይ በዚያው ስም ጸለዩ። የእርጥቡ አፈር ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ይታይሽ ለቅሶዋን ድንገት አቆመች።

«እኔን እኮ ነው የሸኛችሁ» አለች።

ሴቶቹ ኀዘን የሚያናግራት መስሏቸው ደግፈው ወደ ቤት ወሰዷት።

ከዚያ ወዲህ ጀምበር ስትጠልቅ ከጓሯችን ጌሾ ማዶ አንዲት ሴት «ወለተ ሚካኤል» እያለች ትጣራ ጀመር። እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የደብሬ ድምፅ ነበር። ሲመሽ ማንነቱ ሳይታወቅ ከውጭ ለሚጣራ አቤት እንደማይባል በአገራችን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ይታይሽ እንዝርቷን አቁማ ታዳምጣለች።

«ስሜን ልትመልስልኝ ነው የምትመጣ» ትለኛለች። «በሰው ስም ሸኝተዋት የት ትግባ?»

እህል አልወርድላት አለ፤ ከቀን ወደ ቀን መነመነች። ምሽት በመጣ ቁጥር አቤት ብላ ተነሥታ እንዳትሄድብኝ ፈርቼ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጬ እቀመጥ ነበር። ከእናቴ እኩል ነበር የምወዳት።

አባቴ ሁኔታዋ አስጨነቀው። «እታለም፣ አይዞሽ፣ ለአርባዋ እናስተካክለዋለን» አላት። እንዳለውም የደብሬ የንስሐ አባት ድነው መጡና መቃብሩ ላይ ቆመው በወለተ ማርያም ስም ፍትሐቱን ደገሙት።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ይታይሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ። ጀምበር ጠለቀች፣ ከብቶቹ ገቡ፣ ዓይን ያዝ አደረገ። ማንም አልተጣራም። ተረፈችልኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ ቀና ብዬ ሳያት ግን ታለቅሳለች። ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«ሄደች» አለችኝ። «እስከ ዛሬ እኮ አብረን ነበርን።»

ዛሬ ሰው ስም ተሳስቶ ሲጠራ «ያው ነው» ብሎ ያልፋል። አጥር ማዶ ቆሞ የሚጣራም የለም፤ ሁሉም በስልክ ሆኗል። እኔ ግን ሲመሻሽ ስልኬ ጮሆ የማላውቃት ሴት «ሄሎ፣ ጥሩነሽ?» ስትለኝ፣ አይደለሁም ከማለቴ በፊት ትንሽ አዳምጣለሁ። ጥሩነሽ የምትባለዋ አቤት ትል እንደሆን ብዬ ነው።