የቃና ዘገሊላ ዕለት ቅራሪ

አባቴ መሪጌታ ነበር። ወንጌል ይተረጉማል፣ ጠላም ይጠጣል፤ ጠላና ጠጪ እንዴት እንደሚያዙ ግን አያውቅም። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም። የእህቴ ሁለተኛ ትዳር ገና ሳይጀመር በሱ ጥፋት ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ስለነበር ነው።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ባሏን ፈትታ ቤታችን ከተመለሰች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ጎንደር ደግሞ ፈት ሴት ካየ ምላሱ አያርፍም። እንደምንም አንድ የማክሰኝት እህል ነጋዴ ለልጁ ጠየቃት። የወደዳት ልጁ ነበር። አባትየው የተስማማው ሳይወድ በግድ ስለሆነ፣ ሰበብ ካገኘ ጥሎ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሠርጉ የቃና ዘገሊላ ዕለት ሆነ። አባቴ ታቦት አጅቦ ከቀሐ ጥምቀተ ባሕር ሲመለስ እንደ ልማዱ ወንጌሉን ተረጎመልን፤ የጌታ የመጀመሪያ ተአምር በሠርግ ቤት እንደተደረገ፣ ኋላ የመጣውም ወይን ከፊተኛው እንደበለጠ። እናቴ በየዓመቱ እዚህ ላይ ታጉረመርማለች። ለሷ የዚያ ድግስ ባለሙያ እመቤታችን ናት፤ ወይኑ ማለቁን ከወንዶቹ ሁሉ ቀድማ ያየች። ጥሩውን መጠጥ ኋላ ማቅረብ ግን የእንግዳን ጠባይ አለማወቅ ነው ትላለች።

እኛ ዘንድ መጀመሪያ ጥሩው ጠላ ይቀርባል። እንግዳው ሞቅ ሲለው፣ በተረፈው ድፍድፍ ላይ ውሃ ተጨምሮ የወጣው ቅራሪ ይከተላል፤ ያን ጊዜ የሚያማርር የለም። የጠመቅሁት እኔ ነኝ። ጋኖቹን ለይቼ አስቀምጬ፣ ከእናቴ ጋር ሙሽራዋን ላለብስ ጓዳ ገባሁ።

አባቴን ያን ጊዜ መንፈስ ቅዱስ ይሁን ሰይጣን፣ አንዱ ሹክ አለው። ሠርጉን እንደ ቃናው ላድርገው ብሎ ቅራሪው ይቅደም አለ። አሳላፊዎቹ የገዛ ደቀ መዛሙርቱ ነበሩና ያላቸውን አደረጉ። በጭነት ማኪና አቧራ ለብሰው ለመጡት የማክሰኝት ሰዎች ቅራሪ ቀዱላቸው።

ቤቱ ጭጭ ሲል ደንግጬ ብቅ አልኩ። የሙሽራው አባት ዋንጫውን አስቀምጦ፣ ዱላውን ይዞ ቆሟል። ልጁን ለፈት መስጠቱ ሳያንስ ቅራሪ እንዳጠጣነው ተናገረና ማኪናው እንዲነሣ አዘዘ። አባቴ ግዕዝ ይጠቅስለት ጀመር። ግዕዝ ያን ዕለት የማንንም ጥም አልቆረጠም።

ተከትላኝ የወጣችው እናቴ ነገሩ ሲገባት አባቴን አፍጥጣ አየችው።

«መሪጌታ፣ እሱ ውሃውን ወይን አደረገ። አንቱ ጠላዬን ውሃ አደረጉት።»

አንዳንዱ ሳቀ። ሰውየው ግን ወደ በሩ መንገድ ጀመረ፤ ሙሽራውም አንገቱን ደፍቶ ተነሣ። አባት ሲሄድ ልጅ አይቀመጥም። 

በቃናው ወንጌል ሙሽራዋ አንዲት ቃል አትናገርም። የኛም አገር ሙሽራ ተሸፍና ከማልቀስ በቀር በሠርጓ ቀን አፍ የላትም። እህቴ ግን መሸፈኛዋን ገልጣ ከጓዳ ወጣች፤ ከጥሩው ጠላ አንድ ዋንጫ አስሞልታ ሰውየው ፊት ቆመች።

«አያ፣ ሸጋው ይኸው። አባቴ መጽሐፍ እንጂ ድግስ አያውቅም። እርስዎ ቢሄዱ ሌላ ምራት አያጡም። እኔን ግን ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ የለም። ልጅዎንም እወደዋለሁ።»

ሙሽራ በሰው ፊት እወደዋለሁ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር። አፈርኩላት፤ ኮራሁባትም።  ሰውየው ዋንጫውን ተቀብሎ ጎንጨት አለ፤ እንደገና አነሣና ጨለጠው። በሩ ላይ ወደቆመው ልጁም ዞር አለ።

«ተቀመጥ። ይህችን ትተህ ብትመጣ ደጄን እንዳትረግጥ።»