ፔዳል የሚረግጥላቸው ሰው

ፍሬኑ ያዘ። እውነቴን ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በራሴም እግር ረግጬ አረጋግጫለሁ። እንደ በሰለ ማንጎ ስምጥ ይል የነበረው ፔዳል ዛሬ ደርቆ እግር መልሶ ይገፋል። ይህን ስጽፍ እጄ የፍሬን ዘይት ይሸታል፤ በሳሙናም በአመድም ታጥቤ አልለቀቀኝም። ይሽተት።

የማን ፍሬን ነው ትሉ ይሆናል። የጋሽ ጥዑመልሳን ነው።

እዚህ ሴቻ፣ ከእኛ ቤት ማዶ፣ የጠጠሩን መንገድ ተሻግሮ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ አለ። ጋሽ ጥዑመልሳን የሚኖሩት እዚያ ነው። በወጣትነታቸው ከጎጃም በውሃ ሥራ መጥተው፣ በየቀበሌው ፓምፕ ሲተክሉና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። አገራቸው የሚገቡ መስሎን ነበር፤ አልገቡም። ለምን ሲባሉ፣ «እዚያ የሚያውቀኝ የለም፤ እዚህም የሚያውቁኝ እያለቁ ነው። ታዲያ መንገድ ለምን ላባክን?» ይላሉ።

ያለቻቸው ንብረት አንዲት ሰማያዊ ፒካፕ ናት። ድሮ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ያወጧት ናት፤ ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ገብታ አታውቅም። በታመመች ቁጥር የዳነችው በዚያው ግቢ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ነው። ጋሽ ጥዑመልሳን ማንም መካኒክ አላስተማራቸውም፤ ከፓምፕ ሞተር የለመዱትን ወደ መኪና አዞሩት እንጂ። ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ የካቻቢቴውን እጀታ ጆሯቸው ላይ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ ደግፈው እንደ ሐኪም ያዳምጣሉ። የሚፈስ ነገር ከጠረጠሩ ማታ ካርቶን ከሥሯ ያነጥፉና ጠዋት ነጠብጣቡን ያነባሉ፤ ጥቁሩ የሞተር ነው፣ ቀዩ የካምቢዮ ነው፣ ከጎማ አጠገብ ቀለም የሌለውና የሚያሟልጭ ከሆነ ግን ፍሬን ነው፣ እሱን አይንቁትም።

ብቻቸውን ግን አልነበረም የሚሠሩት። ባለቤታቸው እትዬ አሰፋሽ ነበሩ። እትዬ አሰፋሽ ስለ መኪና ምንም አያውቁም፣ ለማወቅም አልፈለጉም። የእሳቸው ሥራ በሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ መታዘዝ ነው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሹራባቸውን እየሠሩ ይጠብቃሉ። ከመኪናው ሥር «አስነሺ» ይላል ድምፁ፤ ያስነሳሉ። «አጥፊ»፤ ያጠፋሉ። «ርገጪ፣ ያዢ»፤ ረግጠው ይይዛሉ፣ አንድ ረድፍ ሹራብም ይጨምራሉ። እኔን አገኘሽን ሲያዩ፣ «አገኘሽ፣ እግዜር ከርገጪ ሌላ አማርኛ የማያውቅ ባል ሰጠኝ እኮ» ይሉኝ ነበር። ከመኪናው ሥር ደግሞ «ልቀቂም አውቃለሁ» የሚል መልስ ይመጣል።

እትዬ አሰፋሽ ካረፉ ሁለት ክረምት አለፈ። ድንኳኑ ተነሳ፣ ለቅሶ ደራሹ መጣ ሄደ፣ ከአርባው በኋላ በሩን የሚያንኳኳ እየሳሳ ሄደ። ጋሽ ጥዑመልሳን አንድ ቀን መንገድ ላይ፣ «ሰው እንደ ጎርፍ ውሃ ነው፤ መጀመሪያ ያጥለቀልቅሻል፣ ኋላ ይሰርግና መሬቱ ብቻውን ይቀራል» ብለውኝ አለፉ። ገበያ ወርደው ዓሣ ይገዛሉ፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ዓሣ ግን የጫሞ ሐይቅ አልፈጠረም፤ አንዱን ዓሣ ሰኞም ማክሰኞም ሲበሉት ይከርማሉ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። በሾፌሩ በኩል አይደለም፣ በወዲያኛው። በዚያ በኩል ተቀምጠው ግንቡን ያያሉ። መኪናዋ ግን አትሄድም፤ እትዬ አሰፋሽ ከሞቱ ወዲህ ማንም አላስነሳት፤ ሣር በጎማዋ መካከል በቅሎ ነበር።

ልጃቸው ማህደር ሐዋሳ ባንክ ቤት ትሠራለች። ለፋሲካ መጥታ ሣሩን አየችው። ሣሩን ብቻም አይደለም ያየችው። «አባዬ፣ ይህቺን መኪና ሸጠን እኔ ጋ ትመጣለህ፤ ክፍል አለኝ» አለች። የእሷ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ግቢ የለው፣ ዛፍ የለው። ጋሽ ጥዑመልሳን ብዙ አልተከራከሩም። «ክረምቱ ሳይወጣ ካልነዳኋት ሽጪያት፤ እኔም እመጣለሁ» አሉ። ቃል ነው። ማህደርም ያገለገለ ዕቃ ከሚነግደው ከማቴዎስ ጋር ተነጋገረች። ማቴዎስ የፊታችን ቅዳሜ መጥቶ ይጎትታትና ፈታትቶ ይሸጣታል። ጋሽ ጥዑመልሳንም ሻንጣቸውን ይዘው ሐዋሳ።

ክረምቱን በሙሉ ሠሩ። ሣሩን ነቀሉ፣ ባትሪ አስሞሉ፣ ካርቡራቶሩን ፈትተው በቤንዚን አጠቡ፣ ካንዴላዎቹን አጸዱ። ሞተሩ ተነሳ። ፍሬኑ ግን እስከ ወለሉ ወረደ። ካርቶኑን አነጠፉ፤ ጠዋት ከኋላ ግራ ጎማ ሥር የሚያሟልጭ ነጠብጣብ ተገኘ። ሲፈቱት ውስጡ ያለው ጎማ፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት ትንሹ ነገር፣ ከመቆም ብዛት ደርቆ ተሰንጥቋል። አስመጥተው ቀየሩት። አሁንም ፔዳሉ ስምጥ። ምክንያቱን አውቀውታል፤ ቱቦው ሲፈታ አየር ገብቷል። አየሩን ለማስወጣት ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፔዳል ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው በዚያች ቅጽበት ጎማው ጋ ያለችውን ብሎን ላላ አድርጎ አየሩን ያስተነፍስና ይዘጋል። ከዚያ ይለቀቃል። እንደገና ይረገጣል። በአንድ ሰው አይሆንም።

እሳቸው ግን በአንድ ሰው ሞከሩት። የመጥረጊያ እንጨት ቆርጠው በወንበሩና በፔዳሉ መካከል ወጥረው ወደ ጎማው ይሮጣሉ፤ በዚያ ጉልበታቸው። ቱቦ ጠርሙስ ውስጥ ነክረውም ሞከሩ፤ ያረጀችው ብሎን በጥርሷ በኩል አየሩን መልሳ ትስባለች። እየሮጡም ከልማዳቸው፣ «አሰፋሽ፣ ርገጪ» ይላሉ። እንጨቱን «ያዢ» ይሉታል። ይህ ከአጥሩ ወዲያ ይሰማል።

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ባልና ሚስቱ ደግፌና አስቴር ናቸው። ከገረሴ የመጡ ናቸው፣ ጴንጤ ናቸው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ ላይ የሙዝ ማሳ አላቸው። ደግ ጎረቤቶች ናቸው፤ ጋሽ ጥዑመልሳን ወደ መኪናቸው ሲወጡ ግን የሬዲዮ መዝሙራቸው ዝቅ ይላል፣ ልጆቻቸው ወደ ቤት ይጠራሉ። ጋሽ ጥዑመልሳንም ያንን ያያሉ። ሰላምታቸውንም አሳጠሩ።

ዛሬ ሐሙስ ጠዋት እኔና አስቴር እሷ በረንዳ ላይ ለወጥ የሚሆን የሃለኮ ቅጠል፣ ሽፈራው የሚሉትን፣ እየቀነጠስን ነበር። በአጥሩ ላይ የጋሽ ጥዑመልሳን ራስ ብቅ አለ።

«አስቴር።»

«አቤት ጋሼ።»

 ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። ሰው ለምነው እንደማያውቁ ያስታውቃል።

«እግርሽን ታውሺኛለሽ?»

አስቴር እግሯን አየች፣ እኔን አየች። «የትኛውን?» አለች።

«ቀኙን። ግራው ይቅር።»

ቅጠሉን ጥለን ሄድን። ማን ይቀራል። አስቴር ግን መኪናው በር ላይ ስትደርስ ቆመች፤ አትገባም።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን።

«ጋሼ፣ እትዬ አሰፋሽ ቅር አይላቸውም?»

«ምኑ?»

«ቦታቸው ላይ ስቀመጥ። ሁልጊዜ እዚህ እየጠሩ ያናግሯቸዋል… በእናንተ በኦርቶዶክሶቹ በኩል ለሞተ ሰው እንደዚያ ይደረጋል ብለን ነው እኮ። ደግፌም፣ ሬዲዮን ቀንሺ፣ ሰውየው ጸሎት ላይ ናቸው ይለኛል።»

ጋሽ ጥዑመልሳን የብሎን ቁልፋቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ጸሎት? ፍሬን እኮ ነው የምሠራው።»

«ታዲያ ማንን ነው ርገጪ የሚሉት?»

ቁልፉን በእጃቸው አገላበጡት። «ልማድ ነው» አሉ። «እጄ ይህን ቁልፍ ሲይዝ አፌ ሳልነግረው ይጠራታል።» ከዚያ ወደ አስቴር ቤት አየት አደረጉና፣ «እኔ ደግሞ፣ ስወጣ የምትሸሹት ሰው ጠልታችሁ ነው ብዬ…» አሉ።

«ጠልተን? ክረምቱን ሙሉ መዝሙር በሹክሹክታ የሰማነው በማን ምክንያት ነው?» አለች አስቴር። ጫማዋን አውልቃ ገባች።

እኔ የተሰጠኝ ሥራ ኮፈኑ ተከፍቶ የፍሬን ዘይቷን ዕቃ መሙላት ነው። «አገኘሽ፣ ከዚህች መስመር ከወረደ አየር ይስብና ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል» ብለው አስጠነቀቁኝ፤ ዓይኔን ከመስመሯ ላይ አላነሳሁም። እሳቸው ከሩቁ ጎማ ጀመሩ፤ ከሥር ገብተው ተጋደሙ። «ሦስት ጊዜ ርገጪና ያዢ። ልቀቂ ሳልልሽ እንዳትለቂ።»

አስቴር ረገጠች፣ ያዘች። ብሎኗ ስትላላ ፍስስ የሚል ድምፅ ሲወጣ ምን እንደሆነ ለማየት በመስኮት አንገቷን አወጣች። እግሯም አብሮ ከፔዳሉ ተነሳ፤ አየሩ ተመልሶ ገባ።

 ከመኪናው ሥር፣ «ደግፌንም እንዲህ ነው የምትይዢው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ደግፌን ብለቀውም አየር አይገባበትም» አለች።

ጋሽ ጥዑመልሳን መኪናው ሥር ሆነው ሲስቁ ሰማሁ። እኛ ሰፈር ያ ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው። ዘይቱን ልደፋው ነበር።

ከሁለተኛው ጎማ ጀምሮ አስቴር ለመደችው፤ ሲጠሯት ትረግጣለች፣ ሲዘጉ ትለቃለች። «ጋሼ፣ አሁን ትጠነክራለች፣ እግሬን እምቢ ትላለች» ትላለች ስለ ፔዳሉ። ከጎማ ወደ ጎማ ሲዞሩ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ነው የሚነሱት፤ ላግዝዎ ብል አይፈቅዱም። የመጨረሻው፣ በሾፌሩ በኩል ያለው የፊት ጎማ ላይ ደረሱ። ብሎኗን ይዘው፣ ፊታቸው ወደ ጎማው፣ «አሰፋሽ፣ ርገጪ» አሉ።

እኔ ቀና አልኩ። እሳቸው ያሉትን አልሰሙትም። አስቴር ግን ሰምታለች። ወደ ታች አየቻቸው፣ እና «እሺ» ብላ ረገጠች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሩጫ ልንገራችሁ። ጋሽ ጥዑመልሳን ራሳቸው ገብተው ረገጡ፤ ያዘ። እኔም ረገጥኩ፤ ያዘ። ሞተሩን አስነስተው ግቢው ውስጥ ወደፊት ሄዱና ቆሙ፣ ወደኋላ ሄዱና ቆሙ። እጃቸው ዘይት ስለሆነ የእጅ ስልኩን እኔ ደወልኩላቸው፣ ድምፁን ከፍ አድርጌም ያዝኩላቸው።

«ማህደር፣ ፍሬኑ ያዘ» አሉ።

 እንኳን ደስ አለህ የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ልጅነቷን በዚያ ግቢ ያሳለፈች ናት፤ ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለች።

«ማን ረገጠልህ?» አለች።

«አስቴር። ጎረቤታችን። ዘይቱን አገኘሽ ያዘች።»

 አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማል። «እንግዲህ ማቴዎስን አትምጣ እለዋለሁ» አለች። «ክፍሉም… ክፍሉ ይቆይ። ስትፈልግ በራስህ መኪና ትመጣለህ።»

«በዝግታ እመጣለሁ» አሉና ስልኩን በክርናቸው ገፉልኝ።

ወዲያው ሦስታችንም ፊት ተጣበን ከሴቻ ወደ ሲቀላ፣ ወደ ታችኛው ከተማ ወረድን። ያ ቁልቁለት ያለ ፍሬን የማይሞከር ነው። ጋሽ ጥዑመልሳን ማንም በሌለበት ቦታ ሁሉ ፍሬን ይይዛሉ፤ ግንባራችን መስታወቱን ሊነካ። «ምን አለ ከፊት?» ብላቸው፣ «ምንም» አሉኝ፣ ደግመውም ያዙ። ስንመለስ ለአስቴር፣ «የደግፌን ሙዝ ነገ ከጫኖ እኔ ነኝ የማመጣው፤ የማንንም መኪና እንዳይለምን» አሏት።

አሁን ከመስኮቴ ሆኜ አያቸዋለሁ። መኪናዋ ዛፉ ሥር ቆማለች፣ እሳቸው ውስጧ ተቀምጠዋል፤ በሾፌሩ በኩል። ብቻቸውን ናቸው። እራታቸውንም ብቻቸውን ነው የሚበሉት፤ ፍሬን ሚስት አይሆንም፣ እሱን አውቃለሁ። ግን የአስቴር ሬዲዮ ከአጥሩ ወዲያ ሙሉ ድምፁን ለቆ ይዘምራል፣ እሳቸውም መስታወቱን ዝቅ አድርገውታል።

ደግፌ ግን ጫኖ ማሳው ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ አልሰማም፣ ስልኩም ተዘግቷል። ዛሬ ማታ ሙዙን ለነጋዴ መኪና ከተስማማ የጋሽ ጥዑመልሳን ነገ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ባጃጅ አስጠርቻለሁ፤ በር ላይ ጡሩምባውን እየነፋ ነው። ነጠላዬን ላንሳና ልሂድ፤ ደግፌ ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው አልወድም።