ለማህሌት የተፈላ ቅጠል

ሙላቷ ካርቱም የገባችው በሰው ቤት ለመሥራት ነበር። ሪያድ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር፣ ወገባቸው የማይታዘዝላቸው ሉጥፊያ የሚባሉ አሮጊት ቤት ተቀጠረች። ሴትዮዋ የሐኪም ክኒናቸውን አያስታጉሉም። ግን ለሆድ ድርቀታቸው ሰናመኪ፣ ለሳላቸው እርድ በወተት፣ ለእንቅልፍ እጦታቸው ደግሞ ሙላቷ ስሙን ሰምታው የማታውቀው ሥር ካልተፈላላቸው ቀኑ አይመሽላቸውም። ያን ሁሉ ከዓባይ ማዶ፣ ከኦምዱርማን ገበያ የምታመጣው እሷ ናት። በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻግራ ሐጅ አብዱልሰላም ሱቅ ትቆማለች፤ ሰውየው መዝነው እስኪሰጧት ከዚህም ከዚያም እያነሳች ታሸታለች።

ሐጅ አብዱልሰላም አጣር ነበሩ፤ ሱዳኖች የቅመምና የመድኃኒት ቅጠል ነጋዴን እንደዚያ ይሉታል። አያታቸው ከሕንድ ጨርቅ ሊነግዱ መጥተው ኦምዱርማን ቀሩ። ከአያታቸው ቋንቋ ለሐጅ የተረፋቸው የመድኃኒቶቹ ስም ብቻ ነው። አንድ ቀን ያን የእንቅልፍ ሥር አንስተው አሽዋጋንዳ እንደሚባል ነገሯት። ሙላቷ ቅጠሉ ያልተቆረጠለትን አንዱን አገላብጣ አየችና ሳቀች። የአገሯ ግዛዋ ነበር። እናቷ ጓሮ የሚበቅል፣ የታመመ ሰው ሲቃዥ የሚታጠንበት። ሐጅ ከዚያ ወዲህ አንቺም ከአጣር ዘር ነሽ እያሉ ያሾፉባት ጀመር። ሉጥፊያ አርፈው ልጆቻቸው ቤቱን ሲሸጡት ሥራ ያጣችውን ሙላቷን ሱቃቸው አስገቧት።

ብዙ ዓመት እዚያው ሠራች። ቅርንፉድ ለጥርስ፣ ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ፣ የኒም ቅጠል ለሚያሳክክ ገላ፣ የግራር ፍሬ ለሚመግል ቁስል ማጠቢያ እያለች ታድላለች። ሐጅ ከሁሉ በፊት ያስተማሯት ግን መጠየቅን ነው፤ ነፍሰ ጡር ናት ወይ፣ የሐኪም መድኃኒት ይወስዳል ወይ፣ ሕመሙ ከጀመረ ቆየ ወይ። በስኳር በሽታማ ቀልድ አያውቁም። ደማሲሳ የሚባል መራራ ቅጠል አለ፤ በሱዳን ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ይፈልገዋል። ክኒን ለሚውጥ ሰው ክኒንህን እንዳትተው ብለው ይሸጡለታል። በመርፌ ለሚኖር ግን ወርቅ ቢያመጣ አይሰጡትም። አንድ ጊዜ ከሌላ ሱቅ ገዝቶ መርፌውን የተወ ወጣት በወንድሞቹ ትከሻ ተንጠልጥሎ መጣ። ሐጅ ሱቁን ጥለውላት ራሳቸው ሆስፒታል ወሰዱት። ሲመለሱ ሞተ አሏት።

የሙላቷ ቤት አርካዊት ነበር፤ ሐበሾች አንዳንድ ክፍል ተከራይተው በሚኖሩበት ሐውሽ፣ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ጽጌ ትባላለች። የጽጌ ባል ክንፉ በአገሩ አስተማሪ የነበረ የፖለቲካ ስደተኛ ነበር፤ ዛሬ ነገ ሦስተኛ አገር እሄዳለሁ እያለ ሪክሻ፣ ማለትም ባጃጅ፣ ሲነዳ ኖሮ ልቡ ቀጥ ብላበት ሞተ። ለጽጌ የቀረቻት አንዲት ልጅ ማህሌት ናት። ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከዐረብኛ የተቀየጠ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኢንሱሊን እየተወጋች የኖረች ልጅ። እያወራች፣ እየሳቀች ነበር መርፌዋን የምትወጋው። ሙላቷን ኻልቲ ትላታለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

ጦርነቱ በረመዳን መጨረሻ ፈነዳ። ድልድዮቹ ተዘጉ፣ ሙላቷም ከሱቋ ተቆረጠች። ቤቷ ውስጥ ቤት ለቤት የምትሸጠው አንድ ማዳበሪያ ቅመምና ቅጠል ነበራት። ሆስፒታሎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ሰፈርተኛው በሯ ላይ ተሰለፈ። ፍንጣሪ የመታውን እግር በግራር ፍሬ ውሃ አጠበች፤ የሚያስመልሱትን በዝንጅብል አስታገሠች፤ ተቅማጥ የያዛቸውን ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣች። የዳኑ ነበሩ። ያልዳኑትን ቤተሰቦቻቸው በየግቢያቸው ቀበሩ፤ መቃብር ድረስ የሚያስኬድ መንገድ አልነበረማ።

መብራት ከጠፋ በኋላ የማህሌት ኢንሱሊን ሙቀቱን እንዳይችል ተፈራ። ሙላቷ ከዚሩ፣ ከሐውሹ ትልቅ የውሃ እንስራ ሥር፣ እርጥብ አሸዋ የሞላ ድስት ቀበረችና ብልቃጦቹን እዚያ አኖረችላት። የሰፈሩ ባለመድኃኒት ቤት ዳውድ ያለውን አንጠፍጥፎ ሰጣቸው። ከዚያ ታጣቂዎች መድኃኒት ቤቱን ሰብረው ማቀዝቀዣውን ሳይቀር ጫኑት። ዳውድም ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ።

ማህሌት መጠኑን እየቀነሰች መወጋት ጀመረች። ከሳች፣ ውሃ አይበቃት ሆነ። በስተደቡብ በኩል በጎ ፈቃደኞች የከፈቱት ክሊኒክ ኢንሱሊን አለው የሚል ወሬ ተሰማና ሙላቷ ልሂድ አለች። ጽጌ ልጇን ትታ መሄድ አልቻለችም። ሙላቷ ለመንገድ መደለያ ይሆነኛል ብላ ትንሽ ቅመም ቋጠረችና በጠዋት ወጣች።

ክሊኒኩ ሳትደርስ ኬላ ላይ ታጣቂዎች ያዟት። ቋጠሮዋን ፈቱና እርዱን ሲያዩ ምን ዱቄት ነው ብለው ጮሁባት። የወጥ ነው፣ የቁስልም ነው አለቻቸው። አንደኛው ዱቄቱን መሬት ላይ ዘረገፈው።

"ቅመሺው" አላት።

ተንበርክካ ከአፈሩ ጋር ላሰችው። አልበቃውም፤ ጨርሺው አለ። አፏ ደርቆ፣ እንባዋ እየወረደ ዋጠችው። ይኸው ሰው ጉንጩ አብጦ ነበር። ሌሎቹ ዘወር ሲሉ ጠጋ ብሎ ለጥርስ የሚሆን ነገር እንዳላት ጠየቃት። ከቀሚሷ ኪስ ቅርንፉድ አውጥታ እንዴት እንደሚያኝከው አሳየችው። እንዲያሳልፋት ለመነችው፤ ስለ ልጅቷም ነገረችው። ቅርንፉዱን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ ባመጣት መንገድ እንድትመለስ በጠመንጃው አፍ ጠቆማት።

ጽጌ በር ላይ ቆማ ስትጠብቃት ቆይታለች። ባዶ እጇን ስታይ ስለ መንገዱ አልጠየቀችም። ማዳበሪያውን ነው የጠየቀችው። ደማሲሳ እንዳለሽ አውቃለሁ፣ ገበያ ሙሉ ሰው ስታድኚበት አልነበረም ወይ አለቻት። ሙላቷ የማህሌት ሕመም ሌላ መሆኑን፣ ያ ቅጠል መርፌ እንደማይተካ አስረዳቻት። ጽጌ ደግማ ለመነች፤ ሙላቷም ደግማ እንቢ አለች። ጽጌ በመጨረሻ ለከፋይ ነው የደበቅሽው ብላ ፊቷን አዞረች።

ማህሌት ማስታወክ ጀመረች። ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ሆነ፤ አፏ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ጽጌ ውሃ ልትቀዳ በወጣች ጊዜ ሙላቷን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

"ኻልቲ፣ ደማሲሳ እኔን አያድነኝም፣ ዓርፋ ነኝ፣ አውቃለሁ" አለች። "ግን ለእማዬ ስጫት። እጇ ባዶ ሆነ። የምትሠራልኝ ነገር ይኑራት። ኢንሻአላህ ትድናለች አትበያት፤ ዝም ብለሽ ስጫት።"

ሙላቷ ክፍሏ ገብታ ደረቅ የናና ቅጠልና ዝንጅብል ዘገነች፤ ለሚያስመልስ ሰው የሚሆን እሱ ነው። እንዲመር ያህል ብቻ ደማሲሳ ቆንጥራ ጨመረችበት። ለጽጌ ስትሰጣት ትድናለችም አላለቻት፣ ምን እንደሆነም አልነገረቻት። ጽጌ እንጨት ለቅማ እሳት አነደደች፣ አፈላች፣ አጠለለች፣ አቀዘቀዘች፤ በሻይ ማንኪያ ለልጇ አንዳንድ ጉንጭ ሰጠቻት። ማህሌት በየጉንጩ ተሻለኝ ትላታለች። ጽጌ ከብዙ ቀን በኋላ ጸጉሯን አበጠረችላት፣ ስለ ክንፉም እያነሳች አወራቻት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ማህሌት ስትጠራ መመለስ አቆመች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች። የሐውሹ ሰዎች በግቢው ካለው የኒም ዛፍ አጠገብ ቆፈሩ። ካህን አልነበረም፤ አባታችን ሆይን ከሚያውቁት አንዱ ደገመላት።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ጽጌ መጥታ ሙላቷ ፊት ቆመች።

"ቀደም ብለሽ ብትሰጪኝ ኖሮ ትድን ነበር?"

ሙላቷ መዋሸት አልሆነላትም። "አትድንም ነበር። የሰጠሁሽም የናና ቅጠልና ዝንጅብል ነው።"

"ታዲያ ለምን አስፈላሽኝ?"

ማህሌት ያለቻትን ልትነግራት ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ከእናቷ ደብቃ የሰጠቻትን ነገር አፈሩ ሳይደርቅ ማውጣት ከበዳት። ጽጌም ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረቻትም። በአንድ ዚር እየጠጡ፣ ባቄላ ሲገኝ በአንድ ድስት እየቀቀሉ፣ ጥይት ሲበረታ አንድ ግድግዳ ሥር እየተጠጉ ከዓመት በላይ እንዲያ ኖሩ።

ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተዛውራ ተኩሱ ሲርቅ፣ በየግቢው የተቀበሩትን እያወጡ ወደ መቃብር ቦታ የሚወስዱ ነጭ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች አርካዊትም ደረሱ። ጽጌ መጀመሪያ አላስነካም ብላ መቃብሩ ላይ ተቀመጠች። አንዳቸውም አላስገደዷትም፤ ቆመው ጠበቋት። ሙላቷ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ያኔ ማህሌት ያለቻትን ምንም ሳታስቀር ነገረቻት።

ጽጌ አፈሩን በጣቷ ጫረች።

"እየሞተች ለኔ ታስብ ነበር ማለት ነው" አለች። "አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ያዝሽብኝ።"

ይቅርታ አልተጠየቀም፣ አልተሰጠምም። ጽጌ ተነስታ ለሠራተኞቹ ቦታውን ለቀቀችላቸው። አስከሬኑ ሲወጣ ሁለቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ፤ ከመኪናው ኋላም አብረው ተጭነው የክርስቲያኖች መቃብር ድረስ ሄዱ።

ጽጌ ብዙ ሳትቆይ ወደ ገዳሪፍ በሚሄድ አውቶቡስ ወጣች፤ ከዚያ አገሯ ልትገባ። ለሙላቷ አድራሻ አልተወችላትም። ሙላቷ ድልድዩ ሲከፈት ኦምዱርማን ተሻገረች። ሐጅ አብዱልሰላም በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት፣ የልብ ክኒናቸው ጠፍቶ፣ መሞታቸውን ከጎረቤት ነጋዴዎች ሰማች። ሱቁ ግድግዳው ብቻ ቀርቶ ነበር። ከፊቱ ካለው ጥላ ሥር ኬሻ ዘርግታ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና ሰናመኪ ትሸጣለች። ደማሲሳ አትይዝም። ደንበኛ ሲጠይቃት አልቋል ትላለች፤ ሌላው ነጋዴ ጋ ሲሄድም በዓይኗ አትከተለውም።