ወደ ናዝሬት የሚወስደው ሊንክ

ካሚል ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ የትራንዚት ድርጅት ሲሠራ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የሚመካበት አንድ ነገር ቢኖር ኤችቲኤምኤል የሚባለው የድረ ገጽ መጻፊያ ኮድ ነው። የሦስት ወር ኮርስ ወስዶ፣ ሰርተፊኬቱን በፍሬም አድርጎ ከጠረጴዛው በላይ ሰቅሎታል። ከሦስት ወር ትምህርት ይህ ሁሉ ኩራት እንዴት እንደሚወጣ እንጃ።

ድርጅቱ ዊኪ አለው፤ ሾፌሮች በየከተማው ምን ወረቀት እንደሚጠየቁ ሠራተኛው እየተጋገዘ የሚጽፍበት ድረ ገጽ ነው። አንዱን ገጽ ከሌላው ለማገናኘት የገጹን ስም በድርብ ካሬ ቅንፍ ውስጥ መጻፍ ይበቃል። ሕፃን ይችለዋል። ካሚልን ያንገበገበውም ይኸው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ የሰነፍ ሥራ ነው!» አላት ዘንድሮ የተቀጠረችውን ባልደረባውን ሃዊን። እሱ ሊንኩን ከነሙሉ አድራሻው በኤችቲኤምኤል ይጽፋል። የእሷ ቅንፍና የእሱ ኮድ አንድ ገጽ ላይ ተደበላልቀው፣ ማንም ለማረም የማይደፍረው ዝብርቅርቅ ሆነ።

«ጋሽ ካሚል፣ የገጹ ስም ቢቀየርስ?»

«ስም ምን በወጣው ይቀየራል?»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ጋዲሳ ቅዳሜ ዊኪውን አይተው ከሁለቱ አንዱን ኃላፊ ሊያደርጉ ነው። ካሚል ለሹመቱ እንቅልፍ አጥቷል፤ ለሚስቱ ለመሪማማ «ተሾምኩ» ብሎ ጨርሷል። አቶ ጋዲሳ አዳማ በድሮ ስሟ «ናዝሬት» ስትባል ፊታቸው እንደሚጠቁር ያውቃል። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት፣ ማንም ሳያዘው፣ «ናዝሬት» የሚለውን ገጽ «አዳማ» ብሎ ሰየመው። መብለጡ ነው! ዊኪው የሃዊን ቅንፎች ወዲያው አብሮ አስተካከለ። የካሚልን ኤችቲኤምኤል ግን አልነካውም፤ ሊንኮቹ እዚያው የድሮው ስም ላይ ቀሩ።

ቅዳሜ አቶ ጋዲሳ የሶደሬን ገጽ ከፍተው የካሚልን ሊንክ ተጫኑ። «ናዝሬት የሚባል ገጽ የለም» አለ ስክሪኑ። በደራ ገጽ ሞከሩ። ናዝሬት የለም። ደግሞ ሌላ። ሊደብቀው የፈለገውን ስም አለቃው ፊት ሰባት ጊዜ አስነበባቸው።

«ማነው እስካሁን ናዝሬት የሚለኝ?» አሉ።

የሃዊ ሊንኮች ግን ሁሉም ሠሩ።

«ሃዊ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ካሚል ያበላሸውን አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ያርም።»

ካሚል ወንበሩን ጎትቶ ተቀመጠ። ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ሲያስስ ቆየ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ካሬ ቅንፍ... የቱ ጋ ነው?» አላት።