ዘንጌን የያዝኩበት ቱቦ

እቃ በመሸከፍ እኔን የሚያህል ሰው አላውቅም። አሳ በመያዝ ግን የማይበልጠኝ የለም። ባለቤቴ ይህን ሳታነሳብኝ የዋለችበት ዓርብ ትዝ አይለኝም። ሰበታ በተከራየናት ቤት ከሥራ ስመለስ ሳጥኔን ወለሉ ላይ ዘርግቼ መንጠቆውን በየመጠኑ፣ ክሩን በየውፍረቱ ስደረድር አጠገቤ ቆማ፣ «አሳዎቹ ይህን ድካምህን ቢያዩ አዝነው ራሳቸው ይመጡልህ ነበር» ትለኛለች።

የእግር መንገዱ ረጅም ስለሆነ እኔ በእቃ አያያዝ ቀልድ አላውቅም ነበር። ተጂ ላይ ከመኪና ወርጄ፣ አስፋልቱን ትቼ፣ በእርሻ መሃል ወደ አዋሽ ሁለት ሰዓት ያህል እሄዳለሁ። በጀርባ የሚሄድ እቃ ቀላል፣ የማይንኳኳ፣ የማይሰበር መሆን አለበት። አዲስ አበባ በአንድ የግል ቢሮ የሕንፃ ንድፍ እሠራ ስለነበር፣ ተገጣጣሚውን ዘንጌን የምከተው ፕላን በምንይዝበት ረጅም ጥቁር ቱቦ ውስጥ ነው። እንዳይንኳኳ ደግሞ በተጣለ የፕላን ወረቀት እጠቀልለዋለሁ። ክሩን ዳር ላይ የማስርባቸው አራት ችካሎች አሉኝ። የውሃውን ጥልቀት የማውቅበት፣ በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድም አለኝ። ሁሉንም በራሴ ብልሃት ያመጣሁት ስለሆነ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

«ማስተር ፕላን» የሚለው ቃል ከሰው አፍ የማይጠፋበት ጊዜ ነበር። ከተማዋ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተብሎ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ታመሱ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ታክሲ ውስጥ ሰው የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ሥራ በሰላም ገብቼ በሰላም መመለሴን እንጂ ሌላውን አልመረመርኩም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

መንገዱ ጸጥ ባለበት በአንድ ቅዳሜ ሻንጣዬን አነሳሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ሰው ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን አሳ ፍለጋ? ምን ቆርጦህ ነው?»

«አባባን ልያቸው» አልኳት። እውነቴን ነበር።

አባባ የምላቸው እርሻቸው እስከ ወንዙ ዳር የሚደርስ ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ እንደ አገሬው «ኦቦ» ብዬ በአክብሮት እጠራቸው ነበር፤ እየዋለ እያደረ አባባ ሆኑ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእርሻቸው ዳር ተቀምጬ ሳጠምድ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እሳቸው አሳ አይቀምሱም፤ አጠገቤ ተቀምጠው ባዶ እጄን ስቀር ማየት ግን ደስ ይላቸዋል። ስወጣ እርጎ ሳልጠጣ አይለቁኝም። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ነው መሰለኝ፣ እዚያ ወንዝ የሚወስደኝ ከአሳው ይልቅ እሳቸው ነበሩ።

ጤፍ እየታጨደ ደረስኩ። እንደ ልማዴ «አካም ቡልታን!» ብዬ እንዴት አደራችሁ አልኩ። የመለሰልኝ የለም። ማጭዶቹ ቆሙ። ሰባት ስምንት የሚሆኑ ሰዎች መጥተው ከበቡኝ። ከመሃላቸው አንድ ጎረምሳ ቱቦውን በጣቱ ነካ አደረገው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ነው።»

«ክፈተው።»

መጀመሪያ ሻንጣው ተከፈተ። ችካሎቹ ሣሩ ላይ ወደቁ። የተቋጠረው ገመድ ተከተለ። ከዚያ ቱቦው ተከፈተና ዘንጉ ከነወረቀቱ ወጣ፤ መስመሩና ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ የሚታይ የፕላን ወረቀት። ክው አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የኮራሁበትን እቃ ያን ዕለት ገና በእነሱ ዓይን አየሁት።

«መሬት ለኪ ነው!» አለ ጎረምሳው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለካን ኖሯል!»

አንዱ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «አባባን ጠይቋቸው» አልኩ። መጠየቅ አላስፈለገም፤ በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ይህን ይዘህ ነው ቤቴ ስትገባ ስትወጣ የኖርከው?»

ዱላ ቢያሳርፉብኝ ይሻለኝ ነበር። «አዎ፣ አባባ። ግን ዘንጉ እንዳይንኳኳ ብዬ ነው» አልኩ። ለራሴ ጆሮ እንኳ ውሸት መሰለ።

ወረቀቱን ጠቅልለው ያዙ። በኋላ፣ «አሳ አጥማጅ ነኝ ካለ ያጥምድ፤ እናያለን» አሉ።

ወንዙ ዳር ወሰዱኝ። እኔ ፊት ቆምኩ፣ እነሱ ከኋላዬ ቁጢጥ አሉ። የመጀመሪያው ውርወራ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቀለ። በሁለተኛው መንጠቆው የገዛ ኮቴን ያዘ። አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ። በሦስተኛው ክሩ ውሃ ገባ፤ ሳወጣው ትሉ ተበልቷል። እንደገና ትል አደረግሁ፣ እንደገና ተበላ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳ ለምኜ አላውቅም፤ አንድም አልመጣም።

በመጨረሻ አባባ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግረው ሰዎቹን አሳቁ። ወዲያው ለእኔ በአማርኛ ደገሙልኝ። «ሰላይ ቢሆን ኖሮ የላኩት ሰዎች ቢያንስ አሳ መያዝ ያስተምሩት ነበር።»

እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬ ግን አብሮ መጣ። ጎረምሳው ብቻ አልሳቀም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ አባባ» አለ። አልተቀየምኩትም። ያን ጤፍ ከርሞም ያጭደው እንደሆነ፣ ወይስ የመጨረሻው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

አባባ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «ይህን ታነባለህ?»

«አነባለሁ።»

«እንዲህ ባለው ወረቀት ላይ እኛ አለን?»

ቢሮ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ያየኋቸው ካርታዎች ነበሩ። እንዲህ ያለው መሬት ላያቸው ላይ አንድ ወጥ አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ጎጆ የለበት፣ በረት የለበት። አላውቅም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ከጉዱ ገና መውጣቴ ነበር። ግን እሳቸውን መዋሸት አቃተኝ።

«የላችሁም፣ አባባ። ባዶ ነው የሚያሳየው።»

አባባ ወረቀቱን ገልብጠው ነጩን ጎን ወደ እኔ አዞሩት። «ሥራህ ይኸው ከሆነ አስገባና» አሉኝ።

ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ከወንዙ ጀመርኩ። አንዷ ሴት የቤታቸውን መንገድ አሳየችኝ። ሌላው የምንጩን ቦታ አረመኝ። አባባ የአባታቸው መቃብር የት እንደሆነ በዱላቸው ጠቆሙኝ። ጎረምሳው ቆሞ ሲያይ ቆየና አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጣቱን በረጅሙ ዘርግቶ ከኮረብታው ሥር ወዳለው የቆርቆሮ ቤት አመለከተኝ።

«ቀስ በል» አለኝ። «የእኛ ቤት ገና አልገባም።»