ቀፎ ሊያደርገን የፈለገው ሰው

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ ከጉና በግ ጠጉር ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚያሠራ አንድ ጣሊያን ነበር። አዲስ አበባ ቋንቋቸውን ተምሬ ስለነበር አስተርጓሚ አደረገኝ። ሰውየው ንብ ያረባል፤ የንብ መጽሐፍም ያነባል። ምነው ማንበቡ በቀረበት!

አንድ ጧት ፈታዮቹን ሴቶች ሰብስቦ፣ የሚሠሩበትን አዳራሽ እንደ ቀፎ አደርገዋለሁ አለ። አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ትነድፋለች፣ አንዷ ትፈትላለች፤ የሌላዋን ሥራ መንካት የለም። የንብ አለቃዋ ሴት ናት ሲል ግን አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኛ አገር የንብ አውራ ወንድ ነው፤ ሴት ነው ያለ ማን አለ?

"ሴት ከሆነችማ" አሉኝ ትልቋ ፈታይ፣ "ስትወልድ ገንፎዋን ማን ያገነፋላታል? በይልኝ።"

አልተረጎምኩለትም። የተሳቀው በሱ መሆኑ ገብቶት ፊቱ ቀላ።

የሚያቃጥለው ቀጥሎ መጣ። ታላቅ እህቴ እዚያው ፈታይ ነበረች። ወልዳለች፤ ልጇ ገና ክርስትና አልተነሳም፤ አራስ ደግሞ ከቤት አትወጣም። ባሏ አርበኛ ሆኖ ዱር ገብቷል፤ የምትበላው ከእንዝርቷ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ እንደ ደንባችን ወንፈል ገብተው ድርሻዋን ተራ በተራ ይፈትሉላታል፤ ነገ ሌላዋ ስትወልድ እሷ ትመልሳለች።

ሰውየው ባዶ በርጩማዋን አየ።

"ቀፎ ውስጥ አንዷ ብትጎድል ሌላ ትተካለች። እህትሽን አስወጥቻታለሁ፤ ንገሪያቸው።"

"አልነግርም! ፈትሏ መች ቀረብህ?"

"ንገሪ!"

"ራስህ ንገራቸው!"

በሰባራ አማርኛው ጮኸ፦ "አራስ፣ ሥራ የለም! ሌላ ሴት ይመጣል!"

ማንም አልሳቀም። ትልቋ ፈታይ ከጭናቸው ላይ ጠጉሩን አራግፈው ተነሡ።

"በመውለድ ከተባረርንማ ሁላችንም ተባርረናል" ብለው እንዝርታቸውን መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ደስ ይላታል ብዬ ለእህቴ ሮጬ ነገርኳት።

"ታዲያ ነገ ምን ልበላ ነው? አንቺ ምን አለብሽ፣ የምታጠቢው ልጅ የለሽ!" ብላ አፈጠጠችብኝ።

እውነቷን ነው። ሰውየው በማግስቱ ከእብናት ሌሎች ሴቶች አስመጥቶ በርጩማዎቹን ሞላ። የኛዎቹ ደግሞ ከየቤታቸው ጥጥ ይዘው እህቴ ቤት ተሰበሰቡ፤ የተፈተለውን ገበያ ሊያወጡላት። እኔ መፍተል አላውቅም፤ ትምህርቴ ለዚያ አልረባኝም። ያን ሰው እየረገምኩ ውኃዋን ቀዳሁ።